እግር ጎማ መርጦ አይረግጥም

ትናንት መኪናዬን ከጋራዥ ልቀበል ሄጄ ነበር። መካኒኩ ቁልፉን እጄ ላይ ሲያስቀምጥ፣ ገብቼ በማስነሳት ፋንታ ተንበረከክኩ። በግራ በኩል ካለው የፊት ጎማ ኋላ አንገቴን አስግጌ፣ የስልኬን መብራት አብርቼ ወደ ውስጥ አየሁ። ተነስቼ በቀኝ በኩልም እንደዚያው አደረግኩ። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሲመለከተኝ ቆየ።

"የጠፋብህ ነገር አለ?"

"ምንም የለም።"

"ጎማ እኮ አልነካንም። ራዲያተር ብቻ ነው የሠራነው።"

"አውቃለሁ" አልኩት። የሱሪዬ ጉልበት በዘይት ተበክሏል። ምን ብዬ ላስረዳው? ሰው ዕድሜው እየገፋ ሲሄድ ልማዱ ይበዛል፤ ስለ ልማዱ ማስረዳት ደግሞ ከልማዱ የበለጠ ይደክማል። የእኔ ልማድ የመጣው ከጎጆ ከተማ ወደ ጊንጪ ከሚወርደው ቁልቁለት፣ ድንች ከጫነች አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ነው።

ያኔ ትምህርት ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩበት ጊዜ ነበር። ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ውጤት አልመጣልኝም፤ ሥራም አልነበረኝም። መንገዱ ዛሬ ተከፍቶ ነገ የሚዘጋበት፣ ከቤቱ የወጣ ሰው መቼ እንደሚመለስ አስረግጦ የማይናገርበት ዘመን ነበር። አምቦ ውስጥ ከመናኸሪያው እስከ ገበያው፣ ከገበያው እስከ ሁሉቃ ወንዝ ቀኑን ሙሉ እዞራለሁ። ኪሴ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አይጠፋም፤ ግጥም እጽፍ ነበር። ማንም አላስተማረኝም፤ ጻፍ ያለኝ ሰውም የለም። የሰፈሩ ሰው "ገጣሚው" ይለኛል። ሙገሳ አልነበረም።

አጎቴ ጋሼ ታደሰ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከጉርምስናቸው ጀምሮ ሾፌር ነበሩ። መጀመሪያ የሰው የጭነት መኪና በጌዶ በኩል ወደ ነቀምቴ ሲያመላልሱ ኖሩ፤ ኋላ የራሳቸውን ፒክአፕ ገዙ። ስትገዛ ነጭ ነበረች ይባላል። እኔ የማውቃት የአቧራ መልክ ይዛ ነው። ከጎጆ ድንችና ገብስ እየጫኑ ወደ ጊንጪና ወደ አምቦ ያወርዱ ነበር። በአማርኛም በኦሮምኛም መቀለድ ይችላሉ፤ በሁለቱም ግን ብዙ አያወሩም። መንገድ ላይ የሚያውቃቸው ሁሉ ኦቦ ታደሰ ይላቸዋል።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ወጥቶ የደጋው ገብስ ቢጫ መሆን ሲጀምር መኪናዋ ወደ ግራ መጎተት አመጣች። ሁልጊዜ አይደለም። ጠዋት ከአምቦ ስትነሳ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ዳገቱን ስትወጣም ደህና ናት። ጭና ስትወርድ ግን፣ ጥቂት ኩርባዎች እንዳለፈች፣ አንድ ሰው ከሥር በገመድ የሚስባት ይመስል ወደ ግራ ትላለች። የተቃጠለ ነገር ሽታ ይከተላል። ጊንጪ ቆመው ሻይ ጠጥተው ሲነሱ ደግሞ ምንም እንዳልነካት ትሆናለች።

ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ገመቹ ጋራዥ ገብታ የግራ ጎማዋ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታና የፍሬኗ ሸራ ተቀይሮላት ነበር። የገመቹ ጋራዥ በአምቦ መውጫ፣ ወደ ጌዶ በሚወስደው በኩል፣ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነው። ገመቹ ጥሩ መካኒክ ነው፤ ያኔም ነበር። አጎቴ መኪናዋን መልሰው ወሰዱለት። በክሪክ አንስቶ ጎማዎቹን በእጁ አሽከረከራቸው፤ እንደ ልብ ይዞራሉ። ነድቶ ከተማውን ዞረባት፤ ቀጥ ብላ ሄደች። ሌላ ጊዜም ወሰዷት፤ ያው ሆነ። በመጨረሻ ገመቹ የአጎቴን ልጅ ሰናይትን ወደ ጎን ጠርቶ ዝቅ ባለ ድምፅ አነጋገራት።

"እህቴ፣ መኪናዋ ጤነኛ ናት። የኦቦ እግር ነው፣ ፍሬኑ ላይ ይተኛል። ዕድሜ ሲገፋ እንዲህ ይሆናል፤ ራሳቸው አይታወቃቸውም። ሽታው እሱ ነው።"

ክፉ ሰው ስላልሆነ ነው ዝቅ አድርጎ የተናገረው። አጎቴ ግን ከመኪናዋ ወዲያ ማዶ ቆመው ነበር። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ውስጡን አዩት፣ መልሰው ደፉት።

ሰናይት ጊንጪ ታስተምር ነበር። ማታ ማታ ከአባቷ ጋር ወደ አምቦ ትመለሳለች። በዚያው ሳምንት፣ ገና ጊንጪ ከመግባታቸው፣ ትምህርት በሌለበት ቀን እሷም ጎጆ ደርሳ አብራቸው ስትወርድ መኪናዋ በድንገት ወደ ግራ ብላ ከፊት የሚመጣ የፈረስ ጋሪ ላይ ልትወጣ ሆነ። ፈረሱ በኋላ እግሩ ቆመ። ጋሪው ላይ የነበሩት ሴቶች በሁለት ቋንቋ ተሳደቡ። ማንም አልተጎዳም። ማታ ቤታቸው ስደርስ ሰናይት ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣለች፤ አጎቴ ግድግዳውን ያያሉ።

"አባዬ፣ ቁልፉን ስጠኝ" አለች። "ኦቦ ቱሉ ከሞቱ ወዲህ ልክ አይደለህም። ሰው ከመግደልህ በፊት።"

ኦቦ ቱሉ የአጎቴ የዕድሜ ልክ ጓደኛ፣ እሳቸውም ሾፌር ነበሩ። መስከረም ላይ ነው የሞቱት።

አጎቴ ዓይናቸውን ከግድግዳው መለሱ። ኋላ "እግሬ ከሆነ እሰጥሻለሁ" አሉ። "እግሬ መሆኑን ግን ያየ ሰው ይንገረኝ።"

ለዚህ የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። ሥራ ፈት ስለሆንኩም፣ ዓይኔ ነገር ስለማያልፍም። ሰናይት በር ድረስ ሸኝታኝ "አቤል፣ አብረኸው ሂድ። እግሩን ብቻ እይልኝ" አለችኝ። "እውነቱን ንገረኝ፣ አታዝንለት።"

እንዲህ ሆኖ የሰው እግር ልጠብቅ ወጣሁ። ንጋቱ ይበርድ ነበር። የፒክአፗ የእኔ መስኮት እስከ ላይ አይዘጋም። ከአምቦ እስከ ጊንጪ ጤፉ በሁለቱም በኩል እየነጣ ነበር፤ ጊንጪን አልፈን ወደ ጎጆ መውጣት ስንጀምር ጤፉ ቀርቶ ገብስና ድንች ብቻ ሆነ። መንገዱ ጠጠር ነው፤ ወገብ አያተርፍም። ዓይኔን ከአጎቴ ቀኝ እግር ላይ አልነቀልኩም። ቡናማ ሸራ ጫማ ነበር፤ አውራ ጣቱ ጋ ተቀዶ በጥቁር ክር ተሰፍቷል። የሰው ፊት ለረጅም ጊዜ ማየት ያሳፍራል፤ እግር ማየት ከዚያ የባሰ እንደሆነ ያን ቀን አወቅኩ።

አጎቴ ከመንገዱ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ "ጫማዬን ወደድከው?" አሉኝ።

"አይ ጋሼ፣ እንዲሁ ነው።"

"ከወደድከው ግጥም ጻፍለት።"



ጎጆ ላይ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ጆንያ የሚጭኑት ሰዎች በጋቢ ተጠቅልለው ቆመው ነበር። ድንች የምታስጭናቸው ሴትዮ "አካም ቡልተን፣ ኦቦ ታደሰ" ብላ ሰላም አለቻቸውና እኔን ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "ዛሬ ዘበኛ ቀጠሩ?"

"ልጄ ናት የቀጠረችልኝ" አሉ አጎቴ።

ሴትዮዋ ሳቀች፤ ቀልድ መስሏታል። ትኩስ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ አቀረበችልን፤ ከጎኑ በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ ጨመረችበት። አጎቴ አንድ ድንች ልጠው በሉና ቀሪውን ወደ እኔ ገፉት። ሳያኝኩ እንደሚውጡ አየሁ። ከሥራ የሚመጣውን ድካም አውቀዋለሁ፤ ሲተኙበት ይለቃል። እሳቸው ላይ የነበረው የመጠርጠር ድካም ነበር፤ ሌሊት አርፎ ጠዋት ከሰውየው ጋር አብሮ ይነሳል።

መውረድ ጀመርን። ኩርባው ሲቀርብ አጎቴ ፍሬኑን ይረግጣሉ፤ ኩርባው ሲያልፍ እግራቸውን ያነሳሉ። የሚያነሱት እንደ ሌላ ቀን አልነበረም። ወንዝ እንደሚሻገር ሰው ጉልበታቸውን ከፍ አድርገው፣ እኔ እንዳየው፣ እግራቸውን ወለሉ ላይ ያስቀምጡታል። እንደዚህ እያደረጉ ብዙ ኩርባ ወረድን። ከዚያ ሽታው መጣ። መሪው ወደ ግራ ማለት ጀመረ።

"እግሬ የት ነው?" አሉኝ።

"ወለሉ ላይ ነው ጋሼ።"

"በደንብ እይ።"

"እያየሁ ነው። ወለሉ ላይ ነው።"

"ይጎትታል?"

"ይጎትታል።"

ሜዳማ ቦታ ስንደርስ ዳር ይዘው አቆሙ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ሁለት እጃቸውን ከመሪው ላይ አንስተው ፊታቸው ዘርግተው አዩዋቸው።

"እንግዲያው እጄ ነው" አሉ።

ያን ጊዜ ነው የተናደድኩት። በማን እንደተናደድኩ አላውቅም። ወርጄ የመጠጥ ውሃችንን ይዤ ወደ ፊት ሄድኩ። የማውቀው ነገር ኖሮ አይደለም፤ የሚሸተው ከየት እንደሆነ ለማየት ብቻ ነው። በቀኙ ጎማ ቸርኬ ላይ ውሃ አፈሰስኩ፤ ውሃው ወርዶ አፈሩ ላይ ተንጠባጠበ። ዞሬ በግራው ላይ አፈሰስኩ። እንደ ጋለ ምጣድ ጮኸ፤ እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ።

"ጋሼ፣ ይምጡና ይዩ።"

መጡ። እንደገና በሁለቱም ላይ አፈሰስኩላቸው። መዳፋቸውን በቀኙ አጠገብ አቆሙት፤ ከዚያ ዞረው በግራው አጠገብ። ቶሎ መለሱት። ከዚያ የአቧራው መንገድ ዳር ቁጢጥ አሉ። አንድ ሰው በጎች እየነዳ አለፈን፤ ሰላም ሲለን እኔ ነኝ የመለስኩለት።

"እግር" አሉ አጎቴ በመጨረሻ፣ ቃሉን እየለኩ፣ "እግር ጎማ መርጦ አይረግጥም።"

 እስኪበርድ ጠብቀን ወረድን፤ አምቦ ስንገባ መኪናዋ እንደ ወትሮዋ ደህና ነበረች። ገመቹ ጋ የምትደርሰው ሁልጊዜ በርዳ ነው። ሕመሙን መንገድ ላይ ጥላ የምትገባ በሽተኛ ማን ያምናታል?

ማታ ለሰናይት ያየሁትን ነገርኳት። አዳመጠችኝ። "መካኒክ ሆንክ?" አለችኝ፤ ግን አልቀለደችም። "አንድ ጊዜ ብቻ ይሞከር። ከዚያ ቁልፉ እኔ ጋ ይመጣል።"

ገመቹን ማሳመን ቀላል አልነበረም። ግቢው ሦስት መኪና ተከፍቶበት ነበር። ገና ከበሩ ስገባ "ገጣሚው፣ መኪና ትጽፋለህ አሉ" ብሎ ሠራተኞቹን አሳቀብኝ። የውሃውን ነገር ስነግረው ግን ሳቁን ተወው። በጎማ መፍቻው መዳፉን እየመታ አሰበ።

"ግራው ብቻ?"

"ግራው ብቻ።"

"ነገ ማለዳ መጥታችሁ ውሰዱኝ" አለ። "ስለ ኦቦ እግር ለሰናይት ያልኳትን ግን... ተወው፣ ራሴ አያቸዋለሁ።"

በማግስቱ ሦስታችን አንድ ወንበር ላይ ተጣብበን ወጣን። ገመቹ መሐል ተቀምጦ ማርሹ በተቀየረ ቁጥር ጉልበቱን ወደ እኔ ያዞራል። መሄጃው ላይ ቀልዱን አላቆመም፤ አጎቴ አንዳንዴ በአፍንጫቸው ይስቃሉ። ስንመለስ ግን፣ ጆንያው ተጭኖ ቁልቁለቱ ሲጀምር፣ ጸጥ አለ። እሱም ወደ ታች ያይ ነበር። አሁን ያ የተሰፋ ጫማ ሁለት ጠባቂ ነበረው።

ሽታው መጣ። መሪው ወደ ግራ አለ። ገመቹ "ያቁሟት ኦቦ፣ አሁኑኑ" አለ።

ሳይበርድ መድረስ ነበረበት። እኔ ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ሳደርግ እሱ ክሪኩን አስገባ። ጎማው ከመሬት ሲነሳ በሁለት እጁ ሊያዞረው ሞከረ። አልዞረም። ከአጎቴ ጋር ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ የአጎቴ ሁለት እግር መሬት ላይ፣ ከመኪናዋ ውጭ ነበር። ገመቹ ተጎንብሶ ከፍሬኑ ላይ አየር የሚወጣባትን ትንሿን ብሎን ላላ አደረጋት። ታምቆ የነበረ የፍሬን ዘይት ቢጥ ብሎ ወጣ፤ በፕላስቲክ ጠርሙስ ተቀበለው። ጎማውን ዳግመኛ ሲነካው ዞረ።

"ዘይቱ ሲረገጥ ይገባል፤ ሲለቀቅ ግን አይመለስም" አለ። "ቱቦው ነው። ከውስጥ አብጦ ተዘግቷል። ከአዲስ አበባ መምጣት አለበት።"

"መንገዱ እንደተዘጋ ነው" አሉ አጎቴ።

"እስኪከፈት መጠበቅ ነው እንግዲህ።"

አጎቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ ሦስታችንም እናውቃለን። ሰናይት የሰጠችው አንድ ጊዜ ዛሬ ነው፤ የተበላሸ ቱቦ ይዞ የሚመለስ ሰው ደግሞ በእሷ ዓይን ያረጀ መኪና ይዞ የሚዞር ያረጀ ሰው ነው። እግራቸው ነፃ ወጥቶ እሳቸው ሳይወጡ ሊቀሩ ነበር።

ገመቹ ጎማውን ፈታ። እኔ የምረዳው ስለሌለ አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ ቱቦውን አየሁት። የጣት ውፍረት ያላት ጥቁር ጎማ ናት፤ ከመኪናዋ አካል ተነስታ የፍሬኑን ሸራ ወደሚጨብጠው ብረት ትሄዳለች። በላይዋ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ተሰምሮባታል። መስመሩ ከላይ ይጀምርና ቱቦዋን ዞሯት ሌላ ጎን ይወጣል፤ ዛፍ ላይ እንደወጣ ሐረግ። ሐረጉ ደስ ብሎኝ ነው እንጂ ጥርጣሬ አልነበረኝም። ግን አንድ ነገር አላስቀምጥ አለኝ። ተነስቼ ወደ ቀኝ ዞርኩ፤ ጀርባዬን አፈር ላይ አድርጌ ከጎማው ኋላ አየሁ። እዚያም ነጭ መስመር አለ። ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ ነው።

"ገመቹ፣ ይቺ ነጭ መስመር ለምንድን ነው?"

"የቷ?"

"ቱቦዋ ላይ ያለችው።"

"ፋብሪካው ነው የሚያሰምራት። ስትታሰር እንዳትጠመዘዝ..." አለና ቆመ።

እጁን ሰድዶ ቱቦዋን ዳበሳት። መስመሯን በጣቱ ተከተላት፣ ዞረችበት። ከዚያ ሄዶ የቀኙን አየ። ሲመለስ መሬት ላይ ተቀምጦ በእጁ ጀርባ ግንባሩን ጠረገ።

"ኦቦ ቱሉ የተቀበሩ ቀን ነው" አለ።

ሁላችንም ያን ቀን አስታወስን። የሾፌሮችና የጋራዥ ሰዎች አንድ እድር ናቸው። መኪናዋ በክሪክ ላይ ሆና፣ የግራ ጎማዋ ወልቆ፣ ገመቹ ያን ጨባጭ ብረት ፈትቶ በሽቦ ሰቅሎት ኩሽኔታውን እየቀየረ ሳለ የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ። ጡሩምባ ሲነፋ የእኛ ከተማ ሰው የያዘውን ይጥላል። ቀሪ ሰው ይቀጣል፤ የሚያስሮጠው ግን ቅጣቱ አይደለም። ጉድጓድ መቆፈር የወጣቶቹ ድርሻ ነው፤ ገመቹ እጁን ሳይታጠብ ሄደ። የእድሩን ድንኳንና አግዳሚ ወንበር የምትጭነው ደግሞ ሁልጊዜ የአጎቴ ፒክአፕ ናት። አጎቴ ከጋራዡ በር ቆመው፣ የሞተው ጓደኛቸው ስለሆነ፣ ቀሪውን ሠራተኛ "ዝጋት፣ ዝጋት ልጄ፣ ድንኳኑ ይጠበቃል" ሲሉ ነበር። መኪናዋን የከፈታት ይህ ሠራተኛ አልነበረም። ብረቱን ከሽቦው ላይ ሲያወርድ ዞሮ መጣለት፤ እንደመጣለት አሰረው። የከፈታት እጅና የዘጋት እጅ ተለያዩ። ቱቦዋ ተጠምዝዛ ቀረች። ስትግል ትታነቃለች፤ ስትበርድ ትተነፍሳለች።

"ስመለስ ማየት ነበረብኝ" አለ ገመቹ። "እኔ ደግሞ ለሰናይት እግራቸው ነው አልኳት።"

አጎቴ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁና ደነገጥኩ። እየሳቁ ነበር።

"ቱሉ በሕይወቱም ከመንገድ ሊያስወጣኝ ነበር ሥራው" አሉ። "በጌዶ ዳገት በግራ በኩል ይመጣብኛል፣ ጡሩምባውን ይነፋል፣ ያልፈኛል። አሁንም በግራ መጣ።"

ሳቃቸው ሲያልቅ ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። እኔና ገመቹ ወደ ድንቹ ጆንያ ዞር አልን።

ጥገናው ከምርመራው አጠረ። ገመቹ ብረቱ እስኪበርድ ጠበቀ፤ ሁለቱን ብሎኖች ፈታ፣ ብረቱን በእጁ ይዞ አንድ ጊዜ ዙሪያውን መለሰው፣ ነጩ መስመር ቀጥ ሲል አሰረው። አየሩን ማስወጣት ብቻ ቀረ። ለዚህ አንድ ሰው ገብቶ ፍሬኑን መርገጥ አለበት። እኔ ወደ በሩ ስሄድ ገመቹ በዓይኑ ከለከለኝ።

"ኦቦ፣ እርስዎ ይግቡልኝ።"

አጎቴ ገቡ።

"ይርገጡ" አለ ገመቹ ከሥር። "ይያዙ። እንዲያ። አሁን ይልቀቁ።"

በተከፈተው በር ያን የተሰፋ ጫማ አየሁት። ሲባል ይረግጣል፣ ሲባል ይይዛል፣ ሲባል ይለቃል። አንዴም አልተሳሳተም። ገመቹ ዘይቱ ያለ አረፋ መውጣት ከጀመረ በኋላ እንኳ "ይርገጡ፣ ይልቀቁ" ማለቱን ቀጠለ፤ ከሚያስፈልገው በላይ እንዳስረገጣቸው ያን ጊዜም ገብቶኛል።

ቀሪውን ቁልቁለት ወረድነው። ሽታ አልመጣም። ሜዳው ላይ ስንወጣ፣ ጊንጪ ዙሪያ ያለው ጤፍ በሁለቱም በኩል ቆሞ፣ መንገዱም ባዶ ሆኖ ሳለ፣ አጎቴ እጃቸውን ከመሪው ላይ አንስተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። መኪናዋ ወዴትም አላለችም። ገመቹ ጊንጪ ላይ ሻይ ሲጋብዘን ሰናይትን ከትምህርት ቤቷ አስጠርቶ፣ ስህተቱ የጋራዡ እንደሆነ ራሱ ነገራት። እሷ አባቷን አየቻቸው፣ ከዚያ ብርጭቆዋን። አጎቴ ስኳር አቀበሏት። ስለ ቁልፉ ማንም አላነሳም።

በማግስቱ ማለዳ እንደ ልማዴ ተነስቼ በራቸው ላይ ቆምኩ። አጎቴ ሞተሩን እያሞቁ ነበር።

"ዛሬ አትምጣ" አሉኝ።

"ለምን ጋሼ?"

"የሚያየኝ ሰው አልፈልግም።"

ብቻቸውን ወጡ። ያን ቀን በዚያ መንገድ ላይ ምን እንዳደረጉ አላውቅም። ድንችም አልጫኑም፤ ባዶዋን ነው የተመለሰችው። የጎጆዋ ሴትዮ ቆየት ብላ ስጠይቃት፣ መጥተው ሰላም ብለዋት፣ ድንች በልተው፣ ሰውን ሁሉ ተሰናብተው እንደሄዱ ነገረችኝ። እኔ የማውቀው አመሻሹ ላይ ግቢ ገብተው መኪናዋን በባልዲ ማጠባቸውን ነው። አቧራው ሲለቅ እውነትም ነጭ ነበረች። ከዚያ እጃቸውን አድርቀው ገቡና ቁልፉን ሰናይት ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

"አባዬ፣ አንተ እኮ አልነበርክም" አለች ሰናይት። "መኪናዋ ነበረች።"

"አውቃለሁ" አሉ። "ለዚያ ነው ወድጄ የምሰጥሽ።"

ውሃ ጠይቀው ጠጡና ተኙ። ከዚያ ወዲያ ሾፌር ወንበር ላይ ተቀምጠው አላየኋቸውም።

መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት በቀጣዩ ዓመት ነው። ያችን ፒክአፕ ለብዙ ጊዜ የነዳኋት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ሌላ መጣ፣ ከዚያ ሌላ። መንገድ እንደ ሥራ ሲያዝ ድካሙ ሌላ ነው፤ ከወረቀቴ ላይ ብዙ ቃል ወስዶብኛል፣ ጥቂትም ሰጥቶኛል። አንዳንድ ቀን ከኩርባ በኋላ እግሬን ወለሉ ላይ ሳሳርፍ፣ የሚጠብቀኝ ሰው የሌለ መሆኑ እንደ ዕረፍት ይሰማኛል። አንዳንድ ቀን ደግሞ፣ ቢኖር ብዬ አስባለሁ። ሰው ሲደክም መጀመሪያ የሚጠረጥረው ራሱን ነው፤ ያን ጊዜ ወርዶ በሁለቱም ጎማ ላይ ውሃ የሚያፈስለት ያስፈልገዋል።

ትናንት ከጋራዥ እንደወጣሁ በቀጥታ ወደ አጎቴ ቤት ሄድኩ። የዓይን ቀጠሮ ነበራቸው። አሁን ብርሃንና ጥላ እንጂ ብዙ አይለዩም። ይዣቸው ከከተማው ወጣሁ።

"ምን ሆና ነው የገባችው?" አሉኝ።

"ራዲያተሯ ነው።"

"ጎማዋንስ አየህ?"

"አየሁ።"

"ሁለቱንም?"

"ሁለቱንም ጋሼ።"

መንገዱ ቀጥ ያለበት ቦታ ስንደርስ "እስቲ ልቀቃት" አሉ። እጄን ከመሪው አንስቼ ጉልበቴ ላይ አደረግኩ። መኪናዋ ቀጥ ብላ ሄደች። ዞር ብዬ ሳያቸው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አላዞሩም፤ አንገታቸውን ደፍተው ወደ እግሬ ነው የሚያዩት።

"ጫማዬን ወደዱት?" አልኳቸው።

"አይታየኝም" አሉ፤ ትንሽ ቆይተውም፣ "ሽታ ግን አልመጣም።"